የምትጠብቅ ሣጥን፦ ስለ አንዲት ያገለገለች ሃርሞኒየም

ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ውስጥ ያገለገለ ሃርሞኒየም፣ ማለትም በእጅ የሚነፋ ወናፍና እንደ ፒያኖ ያሉ ቁልፎች ያሉት የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ፣ በተለይም ለመድረክ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ለሚዘመር መዝሙር ከሆነ፣ የአሥራ አራት ወር ልምዴ እነሆ። ዋጋዋ 9,500 ሩፒ፣ ክብደቷ 11 ኪሎ፣ ቁልፎቿ 42 ናቸው፤ ከአርባ ሁለቱ አንዱ ዝናብ በመጣ ቁጥር ተጣብቆ ይቀራል። የማራቲ ቋንቋ ተናጋሪዎች «ፔቲ» ይሏታል፤ ሣጥን ማለት ነው። እኔም ሣጥን እያልኩ እቀጥላለሁ።

የገዛኋት ለራሴ አይደለም። ለትምህርት መጥቼ የተከራየሁት ክፍል ጡረታ በወጡ መምህርት ቤት ውስጥ ነው። በአገሩ ወግ «ካኩ» እላቸዋለሁ፤ የአጎት ሚስት እንደ ማለት ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ይጠራቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የሳሎኑ ወንበሮች ይነሡና ምንጣፍ ተነጥፎ የባጃን ማኅበራቸው ይሰበሰባል። ባጃን አምላክን እየጠሩ የሚዘምሩት መዝሙር ነው። አሥራ አራት ሴቶች ናቸው፦ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ አንዲት ሴት፣ ልብስ ሰፊ፣ የአትክልት ነጋዴ ሚስት፣ አንዲት አማት ከነምራታቸው፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው «አጂ»፣ ማለትም አያት፣ ሌሎችም። ሙዚቃ የተማረች አንዲትም የለችም። ሰዓቱ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ ምሳው ተበልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ባል ከሥራ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ የራሳቸው የሚሉት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

የቀድሞዋ ሣጥን ካኩ ከአማታቸው የወረሷት ነበረች፤ ወናፏን አይጥ በላው። ከዚያ በኋላ ከማኅበርተኞቹ የአንዷ ልጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የከበሮ ማሽን አምጥቶ ሰጣቸው። ስለ እርሱ አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። መጠኑ የጫማ ካርቶን ያህል ነው፣ ድምፁ እውነተኛ ታብላ፣ ማለትም የሕንዶቹን ጥንድ ከበሮ ይመስላል፣ ፍጥነቱ በቁልፍ ይመረጣል፤ ለብቻው ለሚለማመድ ተማሪ ሊጠቅም ይችላል። እኔ በተገኘሁበት የመጀመሪያ ሐሙስ አውጪዋ የባንኳ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ አራት ወራቸው ነው። ከአንድ ስንኝ መካከል ድምፃቸው ተሰበረ። ተቀባዮቹም ዝም አሉ። ማሽኑ ግን ምንም እንዳልሆነ ድም ታክ፣ ድም ታክ ማለቱን ቀጠለ። ልብስ ሰፊዋ ልታጠፋው ብድግ ብላ በስሕተት ድምፁን እጅግ ከፍ አደረገችው። የሚያለቅሱት ሴት ራሳቸው በእንባቸው መካከል ሳቁ፤ መዝሙሩ ግን ወዲያ ሄዶ ቀረ። ካኩ ማሽኑን በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱትና «ይህ ነገር ሰው አይጠብቅም» አሉ። ሃርሞኒየም ለመግዛት የተወሰነው የዚያኑ ዕለት ነው።

ገንዘቡ የወጣው ከእቁብ ነው። «ቢሺ» ይሉታል፤ በየወሩ ይዋጣል፣ ተራ የደረሳት ትወስዳለች፣ ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ገንዘቡ ሳይሆን ሻዩና ወሬው ነው፤ ከእኛው የሚለይበት ነገር አላገኘሁም። እያንዳንዳቸው 750 ሩፒ አዋጡና 10,500 ሞላ። 9,500 ለሣጥኗ፣ 650 ታል ለሚባሉት ጥንድ የናስ ማንኳኪያዎች፣ 350 ለሪክሾ ደርሶ መልስ ሆነ። እኔ የተመረጥኩት በልጅነቴ ኪቦርድ እነካካ እንደነበር አንድ ቀን ከአፌ ስላመለጠኝ ነው። ካኩና አጂ አብረውኝ ወጡ።

የፑኔ የድሮ ሰፈሮች «ፔት» ይባላሉ፤ ብዙዎቹም በሳምንቱ ቀናት የተሰየሙ ናቸው፣ የሰኞ ፔት፣ የረቡዕ ፔት፣ የዓርብ ፔት እየተባለ። እኛ የደረስነው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ፑኔ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ሱቅ ዘግታ በመተኛት የታወቀች፣ ነዋሪዎቿም በዚህ የሚቀልዱባት ከተማ ናት፤ ካኩ እዚያው ተወልደው አድገው እንዴት እንደዘነጉት አላውቅም። ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ እየጠጣን ሁለት ሰዓት ጠበቅን።

ነጋዴው ሲከፍት አምስት ሣጥን አወጣልን። አዲሶቹ ከ14,000 ሩፒ ይጀምሩ ነበር። ሊሸጥልን የጓጓው የቁልፍ ሰሌዳው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንሸራተተውን ነው፤ ዘማሪዋ ድምፅዋን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ስትፈልግ ሰሌዳውን ገፋ አድርጎ በለመዱት አጣጣል መጫወት ይቻላል። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ተንቀሳቃሽ ነገር ሲበዛ ደግሞ የሚላወስ ይበዛል። የካኩ ማኅበር ሁልጊዜ የሚዘምረው ከአንድ ቦታ ነው፦ ከ«ካሊ ቻር»፣ ማለትም ከጥቁር አራት። እዚህ የድምፅ ከፍታ የሚጠራው በቁልፉ ቀለምና ተራ ነው። ወንዶች በጥቁር አንድ ወይም ሁለት፣ ሴቶች በጥቁር አራት ወይም አምስት ይዘምራሉ፤ ሱቅ ገብቶ «የእኔ ጥቁር አራት ነው» ማለት የጫማ ቁጥርን እንደ መናገር ነው። ስለዚህ የሚንሸራተተውን ትተን አሮጊት አያት የመሰለች አንዲት ያገለገለች ሣጥን ሳብን።

የውስጧ ነገር ቀላል ነው። ግራ እጅ በስተጀርባ ያለውን ወናፍ ያናፍሳል፣ ቀኝ እጅ ይጫወታል፣ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አየር ሲያልፍባቸው የሚንቀጠቀጡ ሁለት የናስ ምላሶች አሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ከፍ ያለ ድምፅ ያወጣል። ነጋዴው ምላሶቹ ከጉጃራቷ ፓሊታና እንደመጡ ሦስት ጊዜ ነገረን፤ በዚህ ሙያ ስም ያላት ከተማ ናት። አጂ ግን ድምፁን ለመስማት እንኳን አልቸኮሉም። ወናፉን እስኪሞላ ድረስ አስነፉኝና «አሁን እጅሽን አንሺ» አሉኝ። ምንም ቁልፍ ሳይነካ ወናፉ በራሱ እስኪከደን ድረስ በከንፈራቸው ይቆጥሩ ጀመር። አንደኛው አዲስ ሣጥን በዘጠኝ ተከደነ። አሮጊቷ ሃያ ሦስት ድረስ ቆየች። «ትንፋሽ አላት» አሉና ወደ በሩ ሄዱ፤ ለእርሳቸው ግዢው ተጠናቋል። ያገለገለ ሣጥን የሚገዛ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህቺን ፈተና ይያዝ። ቀዳዳ ያለው ወናፍ ክንድ ይጨርሳል።

ሃርሞኒየም የሕንድ ተወላጅ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ፓሪስ ውስጥ ተሠርቶ፣ በአውሮፓ በእግር እየተረገጠ የሚነፋ የቤት ዕቃ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ሕንድ ተሻገረ። ካልካታ ውስጥ ዱዋርካናት ጎሽ የተባሉ ባለሙያ እግሮቹን አስወግደው፣ ወናፉን ወደ ኋላ አዙረው በእጅ የሚነፋ አደረጉት፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ለሚዘምር ሕዝብ የሚስማማ ሆነ። የሙዚቃ ሊቃውንቱ ግን አልወደዱትም። የሕንድ ዜማ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ሃርሞኒየም ደግሞ መንሸራተት አይችልም፣ እንደ ደረጃ ይዘላል። ማሲንቆ የሚያደርገውን በፒያኖ ልድገም ያለ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የሕንድ ብሔራዊ ራዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1971 ድረስ ሃርሞኒየምን ከስቱዲዮው አግዶት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት! በዚያን ጊዜ ሁሉ የካኩ አማት ሐሙስ ሐሙስ እርሱኑ ሲነፉ ኖረዋል፤ ስለ እገዳው መስማታቸውንም እጠራጠራለሁ።

ሊቃውንቱ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ነገር እዚህ ሳሎን ውስጥ ጥቅም ሆኖ አየሁት። ሣጥኗ ድምፅን አትከተልም፤ ቆማ ትይዛለች። አሥራ አራት ያልተማረ ጉሮሮ የሚደገፍበት ግድግዳ ትሆናለች። የአትክልት ነጋዴው ሚስት በፍጹም ዜማ አትይዝም፤ ከሣጥኗ ጎን ስትቀመጥ ግን ማንም አይሰማትም፣ እርሷም ይህን ስለምታውቅ እንደ ልቧ ትጮኻለች።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የተጫወትኩት እኔ ነበርኩ። እምነቴ ሌላ መሆኑን ያውቃሉ፤ ጣቴን አዋስኳቸው፣ አፌን አልጠየቁኝም፣ ስገጂም ያለኝ የለም። ፈርቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ መዝሙር ጀመሩና ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው መንገዱን አወቁት። «ቡፕ» የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው፤ ድምፆቹ አንድ በአንድ ከእኛ ትዝታ ሜጀር ጋር ይገጥማሉ። አካሄዱ ይለያል፣ ቤቱ ግን ያው ነው። ካኩ መዝሙሩ ሲያልቅ ዞር ብለው «ቡፕን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። መልሱን በማራቲ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

የሐሙሱ ሥርዓት የታወቀ ነው። በአምላክ ስሞች ጥሪ ይጀመራል፤ ከዚያ አባንግ የሚባሉት መዝሙሮች ይከተላሉ፤ ብዙዎቹ ከፑኔ ራቅ ባላለችው ዴሁ የኖረው የ17ኛው መቶ ዘመን ባለቅኔ ቱካራም ናቸው። መዝሙሮቹ የሚጠሩት ቪቶባን ነው፤ ፓንዳርፑር በሚገኘው መቅደሱ በጡብ ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚጠብቅ አምላክ። በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ የቱካራምና ከእርሱ በፊት የነበረው ቅዱስ ባለቅኔ የድንያኔሽዋር ጫማዎች በሠረገላ ተጭነው፣ በፑኔ በኩል አልፈው፣ ሕዝቡ ሦስት ሳምንት ያህል እየዘመረ በእግሩ ወደ መቅደሱ ይሸኛቸዋል። ሴቶች ቱልሲ የሚባለውን የተቀደሰ ተክል በራሳቸው ተሸክመው ይሄዳሉ። ለመንገዱ ታልና አንገት ላይ የሚንጠለጠል ከበሮ ይበቃል፤ ሣጥን የምንጣፍ ዕቃ ናት።

አባንግ በመጨረሻው ስንኝ ላይ የገጣሚውን ስም ይሸከማል፤ «ቱካ እንዲህ ይላል» ተብሎ ይደመደማል። አንድ ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ ሳታስጠነቅቅ በለመድነው ዜማ የራሷን አወጣች። የውኃ ቦቴው ሳይመጣ አራት ቀን ሆኖታል፣ ባልዲው ተሰልፎ አምላክን ይጠብቃል፣ አምላክም እንደ ሾፌሩ ስልክ አያነሣም የሚል ነገር ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አንገቷን ቀና አድርጋ «ሰፊዋ እንዲህ ትላለች» ብላ አሰረችው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ አዝማቹን ግን ሁሉም በሙሉ ድምፅ ተቀበሏት። ግጥሙ አሁን በማኅበሩ ደብተር ውስጥ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ደብተሩ ራሱ ሌላ ግምገማ ይገባዋል፦ የዘይት ጠብታ ያረፈበት፣ የፊልም ዘፈን ዜማ ከተገለበጠበት ገጽ አጠገብ የሽንኩርት ሒሳብ የተደመረበት፣ አምስት የተለያየ እጅ ጽሑፍ ያለበት።

ከአባንግ ቀጥሎ የላም እረኛ ሴቶች በአምላኩ በክሪሽና ላይ ስሞታ የሚያሰሙባቸው መዝሙሮች ይመጣሉ፤ ቅቤያችንን ሰረቀ፣ እንስራችንን ሰበረ እያሉ። እኔ የምወደው ግን ባሩድ የሚባለውን ነው። ለ16ኛው መቶ ዘመን ባለቅኔ ለኤክናት ከሚሰጡት ከእነዚህ መካከል በአንዱ ምራት ለእናት አምላኳ ብፅዓት ትገባለች፦ አማቴን ውሰጅልኝ፣ የባሌን አባት ከሄደበት አትመልሽብኝ፣ ባሌንም አስወግጅልኝና ብቻዬን ልቅር። ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ የምራቷ ምሬት፣ ወርቁ ነፍስ ከትዕቢትና ከምኞት ዘመዶቿ ተላቅቃ ከአምላኳ ጋር ብቻዋን ለመቅረት መፈለጓ ነው። ካኩ ወርቁን በሚገባ አብራሩልኝ፤ ምራቲቱ ግን አማቷን ትይዩ ተቀምጣ በዓይኗ እያየቻቸው የምትዘምረው ሰሙን ነው። አማትየዋም አዝማቹን ሲቀበሉ ከሁሉ በላይ ይጮኻሉ። ሰኞ ቢነገር ቤት የሚያፈርስ ቃል ሐሙስ በዜማ ይባልና ሁለቱ አብረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ከዚያ አጂ አሉ። ሣጥኗን አይፈልጓትም። ልጃገረድ ሳሉ ጎሕ ሳይቀድ ከእናታቸው ጋር የድንጋይ ወፍጮ እየገፉ የተማሩትን ኦቪ ያወጣሉ፤ ፑኔ የምትገኝበት የማኅራሽትራ ግዛት ሴቶች በወፍጮ ላይ ያንጎራጎሯቸው እነዚህ ግጥሞች በፑኔ በተጀመረ አንድ የማሰባሰብ ሥራ ከመቶ ሺህ በላይ ተሰብስበዋል። አብዛኛው ባለቤት የለውም። ጃናባይ የተባለች የሰው ቤት ገረድ የነበረች ቅድስት ግን ስሟ ቀርቷል፤ በመዝሙሮቿ ቪቶባ ራሱ መጥቶ ወፍጮውን አብሯት ይገፋል። አጂ ሲጀምሩ ክንዳቸው ሳያውቁት ይዞራል። አያቴ ወፍጮ ላይ ስታንጎራጉር ሰምቼ አላውቅም፤ የእናቴ ትውስታ ነው፣ «ልጅ እያለን ልቅሶዋን የምንሰማው እንጉርጉሮዋ ላይ ብቻ ነበር» ትለኛለች። አጂን የሰማሁ ዕለት ወናፉን ማናፈስ አቁሜ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

ወደ ባንኳ ሴት ልመለስ። ሣጥኗ በገባች በስድስተኛው ሐሙስ ያችኑ ማሽኑ ያበላሻትን መዝሙር እንደገና አወጡ፣ እዚያው ስንኝ ላይ ሲደርሱም ድምፃቸው ተሰበረ። ካኩ ወደ እኔ ሳያዩ ጣታቸውን በአየር ላይ አዞሩ፦ ድገሚ። አዝማቹን ደገምኩ። ተቀባዮቹ ዝቅ አድርገው ያዙት። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ጊዜ ዞርን። ከበሮ መቺዋ፣ የግራውን ፊት በስንዴ ሊጥ የለበሰውን ከበሮ በጣቷ ጫፍ ብቻ እየዳበሰች ፍጥነቱን ከሴትየዋ ትንፋሽ ጋር አዘገመችው። እኔ ጥቁር አራትን ይዤ ወናፉን ሳላቋርጥ አናፍሳለሁ፤ ከዚያ ድምፅ ሥር ሰው እንደ ልቡ ማልቀስ ይችላል፣ ከሁለት ክንድ በላይ አይሰማም። በዘጠነኛው ዙር ይመስለኛል፣ ከተዉበት ስንኝ ጀመሩ። ማንም ትከሻቸውን አልነካም፣ ማንም አይዞዎት አላለም። መዝሙሩ አልቆ ሙዝና ስኳር ተቆርሶ ሲታደል ስለ ጋዝ ዋጋ ይወራ ነበር።

አሁን ምሬቶቼን። ክረምቱ ከእኛው ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ሰኔ ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ሦስተኛው ጥቁር ቁልፍ ገብቶ አይመለስም፣ መዝሙሩ ካለቀ በኋላም ብቻዋን ታላዝናለች። በናፕኪን የተጠቀለለ ሩዝ ሣጥኗ ውስጥ ማስቀመጥ ትንሽ ረድቷል። ሻጩ «ከስድስት ወር በኋላ ድምፁን በነፃ አስተካክላለሁ» ብሎ ቃል ገብቶልን ነበር፤ ስንመለስ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም አለ። ቃሉ በወረቀት ይስፈር፤ የእኛ ስንፍና ነው። ቤት ለቤት የሚዞር ጠጋኝ አግኝተን 1,200 ሩፒ ከፈልን። ሥራውን ማየት ግን ዋጋውን ያስረሳል፦ ምላሱ ጫፍ ላይ ሲፋቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሥሩ ላይ ሲፋቅ ይወፍራል፤ እርሱም በፀጉር ስፋት እየፋቀ፣ እየነፋ፣ ጆሮውን እያዘነበለ ግማሽ ቀን ዋለ። ታሉ ጥሩ ነው፣ ገመዱ ብቻ በሁለተኛው ወር ተበጠሰ።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻታለሁ። አጂ አምስተኛውን ለምን እንደነፈግኳት ጠይቀውኝ ስለ ሦስተኛው ጥቁር ቁልፍ ስነግራቸው «እኔስ ጉልበቴ በዝናብ ይያዝ የለም?» አሉ።

ምራቲቱ አሁን ከእኔ ትበልጣለች፤ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ቦታውን ለቅቄላታለሁ፣ አማቷም ልምምዷን ሰበብ አድርገው እራት ራሳቸው ይሠራሉ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ሰፈር፣ በሌላ ሱቅ፣ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ሄጄ አንዲት አነስ ያለች ሣጥን ወናፏን ሞልቼ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ደረሰች። ስምንት ኪሎ ናት። በአውሮፕላኑ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀድልኝ 23 ኪሎ ነው፣ መጻሕፍቴ ደግሞ ብቻቸውን አሥራ ስድስት ይመዝናሉ።